ከሴሚሲ የተላከ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ስኳር ጠዋት 13፣ ማታ 15።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ የባሌን የፓውልያሲን ስኳር እንድመዘግብበት። በቀን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ወደ አሥር ሲወርድ ደህና ነው ብላኛለች። ደብተሩ ደግሞ ሰማንያ ቅጠል አለው። የተረፈውን ቦታ ምን ላድርገው? ነርሷ «ሌላ ነገር እንዳትጽፊበት» አላለችኝም፤ እኔም ባዶ ቦታ አይቼ ዝም ማለት አልችልበትም።

ኦገስት ላይ የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ቆረጡለት። ከዚያ ወዲህ ማሳችን ውስጥ ከጎደሬው ይልቅ አረሙ ነው የሚያምርበት። ሐሙስ ሐሙስ ቁስሉን ለማሳጠብ በጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት እንሻገራለን፤ ደርሶ መልስ ለሁለታችን ሠላሳ ፓአንጋ። የቤቱ ገቢ የኔ ሰሌን ነው። አንድ ደህና ሰሌን ታትቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ጀልባው ግን ሁለት ወር አይጠብቅም።

ዛሬ የመንደሩ ሹም ቤት ለቤት እየዞረ ተናገረ። ሠርቶ የሚያበላ ሰው ለሌለው ቤት መንግሥት በወር መቶ ሃያ ፓአንጋ ሊሰጥ ነው። ቅዳሜ ጸሐፊ መጥቶ ይመዘግባል። መቶ ሃያ! አራት ሐሙስ ማለት ነው እኮ፣ ልክ በልኩ። እግዜር የጀልባውን ዋጋ ጠይቆ ነው የላከው አልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ስኳር 12። ነገ ጸሐፊው ይመጣል። ቤት ጠረግሁ። ከጎረቤቴ ከካሎላይኔ ጌጠኛውን ሰሌን ተዋስኩ። የቀረችንን አሳማ አሳረድኩ። እንግዳ በባዶ ቤት አይቀበሉትም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11፣ ማታ

ስኳር አልለካሁም። ዛሬ መለካት የነበረበት የኔ አፍ ነው።

ጸሐፊው ኢኖኬ ይባላል። ወፈር ያለ፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ የሚውል፣ ጨዋ ሰው። የባሌ ታላቅ እኅት እመት ሉፔም እንግዳ ሲመጣ አይቀሩምና መጡ፤ መሐል ቤት ተቀመጡ። እሳቸው ሲገቡ ፓውልያሲ እንደ ደንቡ ክራንቹን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ወንድም እኅቱ ካለችበት ቤት አይቀመጥም። እናም እኔና የእመት ሉፔ ዓይን ብቻ ቀረን።

«እትዬ ሎሳሊኔ፣ ሥጋ በሳምንት ስንቴ ትበላላችሁ?» አለኝ ኢኖኬ፣ የአሳማዬን ጎድን እየጋጠ።

«እኛ ቤት ሥጋ ጠፍቶ ያውቃል?» አልኩት።

እሱም የሚመዘግብበትን የታብሌት መስታወት በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይኼ የተቀመጥንበት ሰሌን የናንተ ነው?»

እመት ሉፔ ቀደሙኝ። «የወንድሜ ቤት እኮ ነው! የማን ይሁን ታዲያ?»

አሁንም ነካ አደረገ።

«ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክላችሁ ሰው አለ?»

«የለም» ልል አፌን ከፈትኩ። እግዜርን፣ ከፍቼው ነበር። እመት ሉፔ አገጫቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ከዚያ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው፦ «አለ እንጂ! ሴሚሲ! አውስትራሊያ! ልጅ ይወለድ ቢባል እንደሱ ነው!»

«በዓመት ምን ያህል ይሆናል?»

«ኧረ ቆጥሬውም አላውቅ።»

ይኼኛው እንኳ እውነት ነው። የሌለ ነገር አይቆጠርም።

እዚህ ማንም አያነብም፣ ልጻፈው። ሴሚሲ ፍሬ ሊለቅም ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ላከ፤ የየቤቱ ስጦታ በሚነበብበት በዓመቱ የመባ እሑድ ፓስተሩ «ከሴሚሲ፣ ከአውስትራሊያ» ብለው በድምፅ ማጉያ አነበቡት፤ ፓውልያሲ ሳምንት ሙሉ ደረቱ አልወረደም። ከዚያ ልጁ ከእርሻው ወጣ አሉ። መላኩ ቀረ፣ መደወሉም ቀረ። በዓመቱ መባ ሲደርስ ሰሌኖቼን ሸጬ ፖስታው ላይ «ከሴሚሲ የተላከ» ብዬ ጻፍኩበት። ለአንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነበር። ሦስት ሆነ። አምና አንድ ሺህ ሁለት መቶ አደረስኩት። ከመንደሩ ሁለተኛ ወጣን።

ለመንደሩ ብዬ አይደለም። ፓውልያሲ ደስ ይበለው ብዬ ነው።

ትንሽ ለመንደሩም ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ስኳር 14።

ሴቶቹ ተሰብስበን ሰሌን በምንታታበት አዳራሽ ካሎላይኔ አጠገቤ ነበረች። «አውስትራሊያ ያለው የወንድሜ ልጅ ‹ሴሚሲን አየሁት› አለኝ» አለች። «ቀለም ቀቢ ሆኗል፤ ሥራ ሲገኝ። የኛን ቤተ ክርስቲያን በስልኩ ይከታተላል አሉ። የመባ እሑድማ አንድም ዓመት አላመለጠውም።»

የምታታው ቅጠል እጄ ላይ ተሰነጠቀ። በሕይወት አለ። ደህና ነው። ያየናል!

ቤት ስገባ ግን ተናደድኩ። ስሙ በድምፅ ማጉያ እንደዚያ ከፍ ብሎ ሲጠራ እየሰማ፣ አንድ ቀን እንኳ «እማዬ አመሰግናለሁ» ብሎ አይደውልም? ያ ሁሉ ክብር በነፃ! ልጅ ውለታ አያውቅም።

የካሎላይኔ ልጅ ኒውዚላንድ ናት፤ እሷም በየዓመቱ ትልካለች፣ ይነበባል። ካሎላይኔ ብቻ ያንን ጫማ ለምን በዓሣ መረብ ክር እየሰፋች እንደምታደርገው አይገባኝም። ቁጥብ ናት መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ስኳር 15። ወደቡ ላይ ኢኖኬን አገኘሁት። ዓይኔን ሸሸኝ፤ ያኔ ገባኝ።

«እትዬ፣ አልወጣላችሁም» አለኝ። «ሥጋው፣ ሰሌኑ፣ ከሁሉም በላይ የልጁ ነገር። ባሕር ማዶ ላኪ ያለው ቤት በዚህ ዙር አይገባም።»

«አጥፋዋ ልጄ፣ አጥፋዋ! በሳቅ ነው የተናገርኩት።»

«አፍ እንደሱ አይጠፋም፣ እትዬ። ግን አንድ መንገድ አለ። ኖቬምበር 24 የመንደሩ ስብሰባ ላይ ስም ይነበባል። ያን ቀን ሰው ፊት ቆመሽ ‹ማንም አይልክልኝም› ካልሽ፣ ተቃውሞ እጁን የሚያወጣ ሰው ከሌለ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«በወረቀት አይሆንም?»

«ወረቀትማ አምና ፓስተሩ እጅ ላይ ነበር፤ አንብበውታል አሉ» አለና ሳቀ። ከዚያ እኔ አለመሳቄን ሲያይ መሐረቡን አወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔስ በምን ይታሻል?

መባው እሑድ 23 ነው። ስብሰባው ሰኞ 24። እሑድ «ከሴሚሲ የተላከ» አስነብቤ ሰኞ «ማንም አይልክልኝም» ልበል? እኔን ብቻ ሳይሆን ውሾቹንም ያስቃል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ስኳር 16። ጀልባ የለም፤ ማለቴ ጀልባው አለ፣ ሠላሳው የለም። ቁስሉን እኔው በሞቀ የጨው ውኃ አጠብኩት። ሽታው ተቀይሯል። ለፓውልያሲ ባሕሩ ነው የሚሸተው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

የእናቴን ሰሌን ወስጄ ሰሌን በመያዣ ከሚቀበለው ሱቅ አስያዝኩት። ያ ሠርጌ ላይ እንደ ወጋችን ወገቤ ላይ የታሰረው፣ በርጅናው ቀለሙ ማር የመሰለው። ሰውየው አገላብጦ «ጠርዙ ተበልቷል» አለ። የሱ ጠርዝ ይበላ! ሁለት መቶ ሰጠኝ።

ሁለት መቶ ፓአንጋ በጡቴ ሥር ይዤ ስመለስ ምን እንዳሰብኩ ልጻፈው? ሐኪም አላሰብኩም። «ትንሽ ብጨምርበት ዘንድሮ ሦስተኛ እንኳ እንወጣ ነበር» አልኩ። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ መንግሥት ከድህነት ላውጣት የሚለው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ፓስተሩ ዘንድ ሄድኩ።

«አንዲት ትንሽ ወረቀት ፈልጌ ነበር» አልኩ። «ሴሚሲ እንደማይልክልኝ ቢመሰክሩልኝ። በዝምታ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አምና አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብዬ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ከሁለታችን ማነው የዋሸው?»

«እኔ ነኛ።»

ሻይ ቀዱልኝ። ዳቦም አቀረቡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሎሳሊኔ፣ ይህን መስማት ያለበት እኔ አይደለሁም፤ ያኔ የሰማው ሰው ነው» አሉኝ። ደጃፉን ልወጣ ስል ደግሞ ከኋላዬ፦ «ብቻ የጣሪያው ነገር አለ ዘንድሮ... እንደምታውቂው ያፈሳል።»

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ስኳር 14። ተሻገርን። የሆስፒታሏ ነርስ ፋሻውን ስትፈታ ፊቷን አየሁ። ወደ ውጭ ጠራችኝ። «ባለፈው ሐሙስ የት ነበራችሁ? አንድ ሁለት ሳምንት እንደዚህ ከቀራችሁ፣ ቀጥሎ የሚቆረጠው ጣት አይደለም» አለችኝና እጇን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አደረገች።

ስንመለስ ፓውልያሲ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ቀሚስሽ ያምራል አለችኝ።»

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

እመት ሉፔ መጡ። ፓውልያሲ በጓሮ ወጣ።

«ዘንድሮ አንደኛ እንወጣለን» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እኔ ሦስት መቶ አዘጋጅቻለሁ። ሴሚሲስ ስንት አለ?»

«አልደወለም ገና፣ እመት።»

«ደውይለታ! ያባቱ ስም ነው። አክስትህ ብላለች በይው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት አቀረብኩላቸው፤ በልተው ሄዱ። ፈሪ ብቻ አይደለሁም፤ ፈሪ ምግብ አብሳይ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ስኳር 12። ጀልባው ላይ ሆነን ፓውልያሲ፦

«የእናትሽ ሰሌን የት አለ?»

«አውሼው ነው።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«ሎሳ፣ የቆረጡት ጣቴን ነው። ጭንቅላቴን አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዓመት አራት አምስት ሰሌን ትጨርሻለሽ። አንዱም ቤታችን ውስጥ የለም። ከአውስትራሊያ የመጣ ገንዘብ ልትቀበዪ ባንክ ስትሄጂ ደግሞ አንድም ቀን አላየሁሽም።»

ጀልባው ወዘወዘኝ፤ ባሕሩ ግን ጸጥ ያለ ነበር።

«አውቀህ ነው ታዲያ ሳምንት ሙሉ ደረትህን ነፍተህ የምትሄደው?»

«አንቺን ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነዋ።»

ሁለት ጅሎች በሠላሳ ፓአንጋ ጀልባ ላይ። ስለ ሰኞው ስብሰባ ነገርኩት። ስለ ቁርጭምጭሚቱም ነገርኩት። እግሩን ትክ ብሎ አየው። «ቀሚስሽ ግን ያምራል» አለኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23፣ ማታ

እሑድ ሥራ ክልክል ነው። መጻፍ ሥራ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ከሠራሁት ይህ ትንሹ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት ይፈስ ነበር። መዘምራኑ ነጭ በነጭ። ካሜራ የያዘው ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። ቤተሰብ እየተጠራ ወደ ጠረጴዛው ይወጣል፣ ፖስታው ይቆጠራል፣ ይነበባል፣ እልል ይባላል። እመት ሉፔ ሦስት መቶአቸውን በራሳቸው ቤት ስም አስቀድመው አስነበቡ፤ ከዚያ ዞረው እኔን ጠበቁ።

በእጄ የያዝኩት ፖስታ ላይ ምንም አልጻፍኩበትም።

«የፓውልያሲና የሎሳሊኔ ቤት» አሉ ፓስተሩ። «ሃያ ፓአንጋ።»

አንድ ሰው አሳለ። ፓስተሩ ፖስታውን አገላበጡት። «እና... ከሴሚሲ፣ ከአውስትራሊያ?»

ድምፅ ማጉያው አፌ አጠገብ ነበር። እንደዚያ ቅርብ መሆኑን አላወቅሁም።

«ከሴሚሲ ምንም የለም» አልኩ። «አምናም አልነበረም። ካች አምናም። ያ ሁሉ የኔ ሰሌን ነው። ልጁ ላክሁ ብላችሁ አንብቡልኝ አላለም። ስሙን ሳላስፈቅደው የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ድምፄ ጣሪያው ላይ ዞሮ ተመለሰብኝ። እልል ያለም የለም፣ ያጉረመረመም የለም። ከኋላ አንድ ሕፃን ብቻ «አያቴ፣ አለቀ?» አለ። ፓውልያሲ ከወንዶቹ ረድፍ ክራንቹን ይዞ ተነሣና እስክመለስ ድረስ ቆመልኝ። እግሩ እንደሚያመው አውቃለሁ። ተቀመጥ ብዬ በዓይኔ ብለምነው እንቢ አለ።

ካሎላይኔ ከኔ ቀጥላ ወጣች። አሥር ፓአንጋ፤ በራሷ ስም ብቻ። የልጇን ስም አላስነበበችም። ደንግጣ ረስታው ይሆናል።

እመት ሉፔ ሲወጡ ባጠገቤ አለፉ። አላዩኝም። እኔ ግን ከዚህ በፊት ሳያዩኝ ሲያልፉ አይቻቸው አላውቅም። ስኳሩን ረሳሁት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

አዳራሹ ውስጥ ሹሙ ስም አነበበ። «የፓውልያሲና የሎሳሊኔ ቤት። ቀድሞ ላኪ አለ ተብሎ ተመዝግቦ የነበረ። ሎሳሊኔ፣ ምን ትያለሽ?»

ተነሣሁ። «ማንም አይልክልንም።» ሁለተኛ ጊዜ ሲሉት ይቀላል ይላሉ። አይቀልም።

«ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።»

ኢኖኬ ጣቱን ወደ መስታወቱ አቀረበ። ያን ጊዜ እመት ሉፔ እጃቸውን አወጡ።

ፓውልያሲ እኅቱ ሊናገሩ መሆናቸውን ሲያይ እንደ ደንቡ ራሱን ደፍቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ እኔም አብሬው ብወጣ በወደድኩ። ሐሙሶቼ ሁሉ አንድ በአንድ ከእጄ ሲወድቁ ታዩኝ።

«ያቺ ሴት ውሸታም ናት» አሉ እመት ሉፔ። «ሦስት ዓመት ዋሽታኛለች። በሷ ውሸት ዘመድ ጋ ሄጄ ኮርቻለሁ፣ ሰው አሳንሻለሁ። ቤቷ የተነጠፈው ጌጠኛ ሰሌንም የሷ አይደለም፣ የካሎላይኔ ነው፤ አውቄዋለሁ፤ ዝም ያልኩት እኔም ስለምዋሽ ነው።»

ወደ ኢኖኬ ዞሩ።

«ትናንት ግን እውነቷን ነው። ወንድሜ እግሩን እያጣ ነው፤ እስከ ትናንት ማታ ለኔ ማንም አልነገረኝም። እጄን ያወጣሁት ለተቃውሞ አይደለም። ምስክር ስጡ ብትሉ ማንም አይነሣ ይሆናል ብዬ ነው። ጻፍ» አሉት ኢኖኬን። «ምን ያላብሃል? ጻፍ!»

ጻፈ።

ደጅ ላይ ደረስኩባቸውና እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል «ተነሽ» አሉኝ። «በሰው ፊት ድሃ አስባልሽን። አሁን ደግሞ መሬት ላይ ወድቀሽ ልታስቂብኝ ነው?» ከዚያ በቀስታ፦ «ያ አሳማ የመጨረሻው ነበር?»

«አዎ፣ እመት።»

«ጣፍጦ ነበር» አሉ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ስኳር 11። የመጀመሪያው መቶ ሃያ ደረሰ። ተሻገርን። ነርሷ ቁስሉ ሮዝ ቀለም ይዟል አለች። እንደ ሮዝ ቀለም የሚያምር ነገር የለም፤ ከእንግዲህ ለመዘምራኑ ልብስ ሁሉ እሱን ነው የምመርጠው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«እማዬ።»

ሳህኑን ጣልኩት። ፕላስቲክ ነው፣ ምንም አልሆነም።

«አየሁሽ» አለኝ። «ያን እሑድ። በስልኬ።» ከዚያ ደግሞ፦ «ወፍረሻል።»

«ካሜራው ነው!»

ከዚያ መስመሩ ተበላሸ። ረጅም ጊዜ የሚሰማኝ የተቆራረጠ ትንፋሽ ብቻ ነበር። የአውስትራሊያ ኔትወርክ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ውሸት ነው።

«ስልኩን እያነሣሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ምን ብዬ ልደውል? አንድ ሺህ ሁለት መቶ ልኬ?»

ምን እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፈውም። ደብተሩ የስኳር ነው።

ኋላ ላይ ድምፁ ደህና ሲሆን፦ «እማዬ፣ አሁን ሃምሳ ዶላር አለኝ። ነገ ልላክልሽ?»

ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። «እንዳታደርጋት! ሰው ፊት ድሃ ተብዬ የተጻፍኩት ገና ሁለት ሳምንቴ ነው! አክስትህ ቆመው የመሰከሩበት ድህነት ነው፣ በሃምሳ ዶላር ልታበላሽብኝ?»

ፓውልያሲ ክራንቹ እስኪወድቅ ሳቀ። ሴሚሲም ከዚያ ማዶ ሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ከሴሚሲ የተላከ» እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት ሴት፣ ልጄ እውነቱን ሊልክ ሲል አትላክ አልኩት።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ብላበት። ቅጥነትህ በድምፅህ ያስታውቃል። ለኔ እሑድ እሑድ ደውል።»

«መደወልስ አይቆጠርብሽም?»

እሱን አላሰብኩትም ነበር። ሐሙስ ወደቡ ላይ ኢኖኬን አገኘዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ። ይቆጠራል ካለኝም፣ መዋሸቱን እንደሆነ እችልበታለሁ።

ስኳር ማታ 10።